ነውሯን ሳልናገር

ዓርብ ቀትር ላይ የባጃጆቹ ቁልፍ ሁሉ እኔ ጭን ላይ ይከማች ነበር። ሾፌሮቹ ለጁምዓ ሶላት ሲሄዱ አንድ በአንድ በአጠገቤ እያለፉ "ገጣሚው፣ ያዝልኝ" እያሉ ይጥሉልኛል። በተራችን ካሉት ሾፌሮች ክርስቲያን እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጠባቂነቱ ማንም ሳይሾመኝ የእኔ ሆኖ ቀረ። የኢማሙ ንግግር ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይመጣል። የከሚሴ ዋና መንገድ ጭር ይላል፤ ወደ ደሴ የሚወጣ አንድ የጭነት መኪና ካለፈ ጥቁር ጭሱ ተበትኖ እስኪያልቅ ሌላ አይመጣም። ሰማያዊዎቹ ባጃጆች በመናኸሪያው አጥር ሥር ባዶ መቀመጫቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። እኔ በምነዳት ባጃጅ ውስጥ እግሬን አጥፌ ደብተሬን እከፍትና ከአንድ ስንኝ ጋር እታገላለሁ። አንዳንዴ ስንኙ ይያዛል። ብዙ ጊዜ ግን ቁልፎቹን ከእጅ ወደ እጅ ሳገላብጥ ሶላቱ ያልቃል።

የከሚሴ ልጅ ነኝ ለማለት ግማሽ መብት ነበረኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። እኔ ግን እዚሁ ተወለድኩ፤ አማርኛዬና ኦሮምኛዬ ተደባልቀው በአንድ አፍ አደጉ። አባቴ ሲዛወር ቤተሰቡ ጓዙን ጭኖ ሄደ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ፣ ደግሞም አኩርፌ፣ "ሥራ ይዣለሁ" ብዬ ቀረሁ። ሥራው የሰው ባጃጅ መንዳት ነበር። ከወፍጮ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ቀን ቀን ግድግዳዋ ከወፍጮው ጋር ይንቀጠቀጣል። ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ዝምታው ጆሮዬን ያመኛል። ዓርብን የምናፍቀው ከዚህ ዝምታ ስለሚያወጣኝ ነበር። ከሶላት በኋላ እንሽቀዳደማለን።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ጨፋ ሜዳ የሚወርድ አንድ የአፈር መንገድ አለ። ማሽላው ከታጨደ በኋላ ፀሐይ ይደበድበውና እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ከመንገዱ አፍ ተነስቶ፣ ሜዳው መሃል ያለውን ትልቅ ሾላ ዞሮ፣ ወደ ተነሱበት መመለስ ነው ውድድሩ። መንገዱ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ ሦስተኛ አይገባበትም። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን እንገጥማለን። በበጋ የአፋር ከብት አርቢዎች ወደ ጨፋ ውኃ ሲወርዱ ግመሎቻቸው መንገዱን ይዘጉታል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ሞተር አጥፍተን ግመሎቹ እስኪያልፉ እንጠብቃለን። ግመል ደግሞ ለማንም አይቸኩልም።

የምንሽቀዳደመው ለተራ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ የምንቆምበትን ቅደም ተከተል የሚወስነው የዓርቡ ውድድር ነው። የፈለገ ሰው ከፊቱ ያለውን ይገጥማል፤ ካሸነፈ ቦታውን ወስዶ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቀድሞት ይቆማል። ባጃጆቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሞተሩም ጎማውም አንድ ነው። ሾላው ጋ ስንታጠፍ እንዳንገለበጥ እያንዳንዳችን ከኋላ አንድ ማዳበሪያ የቦርከና ወንዝ አሸዋ እንጭናለን፤ ክብደቱም እኩል ነው። ስለዚህ ማንም ማንንም ርቆ አይቀድምም። ልዩነቱ አንድ ክንድ ነው፣ ሲበዛ ሁለት።

ተራ አስከባሪያችን በወጣትነታቸው ባቲ ገበያ የከብት ደላላ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። የውድድሩን ሕግ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ እኔ የአንተን ባጃጅ፣ አንተ የእኔን።

"በራስህ ብታሸንፍ ብረቷ ናት ያሸነፈች" ይሉ ነበር። "በሰው ባጃጅ ስታሸንፍ ነው እጅህ የሚታየው።"

ሁለተኛ፣ ቁልፉን ከማስረከብህ በፊት የባጃጅህን ነውር በሰው ፊት ትናገራለህ። ይህን ከባቲ ነው ያመጡት። ላም የሚሸጥ ሰው ነውሯን ሳይናገር ገመዷን አያስረክብም። ትራገጥ እንደሆነ "ትራገጣለች" ይላል፤ ወተቷን ትከለክል እንደሆነ "ትከለክላለች" ይላል። ነውሩ ተሰውሮ የተሸጠ ከብት ወር ቆይቶም ቢሆን ለባለቤቱ ይመለሳል።

እናም ዓርብ ዓርብ መንገዱ አፍ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ይቆሙና "ነውሯን ተናገር!" ይላሉ።

"ጥሩምባዋ ስትፈልግ ነው የምትጮኸው፣ አባባ።"

"ፍሬኗ ወደ ግራ ይስባል።"

"የእኔዋ ምንም የላትም፤ ባለቤቷ ነው ክፉው።"

"እሱን አገሩ ያውቀዋል፤ ቀጥል!"

እንዲህ እየተሳሳቅን ነበር የምንገባው።

ለወራት አንደኛ ተራ ላይ የቆመው ባልንጀራዬ ነበር። የጨፋ ገበሬ ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከቁመቱ የተነሳ ሲነዳ ጉልበቱ መሪውን ይነካል። ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከባጃጁ ወርዶ ይመጣና እንደ ተሳፋሪ የኋላ መቀመጫዬ ላይ ይቀመጣል።

"እህሳ፣ ዛሬ ምን ጻፍክ?"

ከሚሴ ውስጥ ይህን የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ሌሎቹ ገጣሚው የሚሉኝ ለቀልድ ነው። እሱ ግን እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ካልወደደው "ይችን ካንተ በፊት ሰው ብሏታል" ይለኛል። አንድ ቀን እንዲህ የምትል አነበብኩለት፦

ቦርከና ሲወርድ ዞሮ አያይም ኋላ፣
እኔ በመስታወት የምጠብቅ ጥላ።

እጁን ከአገጩ ላይ አነሳ። "ሸጋ ነች" አለ ከዚያ። "ግን አንተ የምትሸነፈው ለዚህ ነው።"

"ለምኑ?"

"መስታወት ስለምታይ። እኔ ወደ ሜዳው ስወርድ መስታወቷን ወደ ሰማይ ነው የማዞራት፤ ወላሂ!"

ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ቶሎ አለቀ። ዓርብ በመጣ ቁጥር የምሸነፈው በአንድ ክንድ ነበር። ከሾላው እስክንዞር ከኋላው ተለጥፌ ከነፋሱ እሸሸጋለሁ፤ በመመለሻው ላይ ወጥቼ ጎኑ እደርሳለሁ፤ ትከሻ ለትከሻ እንመጣለን፤ መጨረሻ ላይ የእሱ የፊት ጎማ ይቀድማል። ከዚያ መጥቶ ጀርባዬን መታ ያደርገኛል። "አብሽር፣ አንድ ክንድ ናት።" በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህች ቃል ታጽናናኝ ነበር። በኋላ መረረችኝ። ግጥሜንም የሚያዳምጠኝ እንዲሁ ነው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ አሸናፊ ተሸናፊን እንደሚያዳምጥ፣ ከላይ ሆኖ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ሳምንት ብቻ፣ ከፊቱ ቆሜ ባነብለት ብዬ ተመኘሁ። ያለኝ ወዳጅ እሱ ብቻ ነው፤ ልበልጠው የፈለግሁትም እሱን ብቻ ነበር።

በእኛ መካከል ነውር መነጋገር ቀርቶ ነበር። ቁልፍ ስንለዋወጥ እሱ "ታውቃታለህ" ይለኛል፣ እኔም "ታውቃታለህ" እለዋለሁ፤ አለቀ። ሽማግሌው "ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ገበያ ነው?" እያሉ ያጉረመርማሉ እንጂ አይከለክሉንም። ባጃጄን ከእኔ እኩል ያውቃት ነበርና።

በአንድ ረቡዕ አንዲት ሴት ከነበቆሎ ጆንያዋ መንደሯ አድርሼ ስመለስ ባጃጄ ሦስተኛ ማርሽ መትፋት ጀመረች። ነዳጅ ለቀቅ አድርጌ መልሼ ስሰጣት በግራ እጄ ያስገባሁት ማርሽ በራሱ ይወጣል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ባጃጇ ግን አትሄድም። ጋራዥ ልወስዳት ይገባኝ ነበር። ከዚያ ይልቅ ከአሮጌ ካመራዳሪ አንድ ቀጭን ጎማ ቆረጥኩና የማርሹን እጀታ ሦስተኛ ላይ ሲሆን እንዳይመለስ በዚያ እየወጠርኩ መንዳት ጀመርኩ።

ሐሙስ ባልንጀራዬ እንደ ልማዱ መጥቶ ከኋላዬ ተቀመጠና ምን እንደጻፍኩ ጠየቀኝ። ደብተሬን በቀኝ እጄ ይዤ አነበብኩለት። ግራ እጄን ግን ከእጀታው ላይ አላነሳሁም። ጎማዋን እንዳያያት ሸፍኛት ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ "ሦስተኛዋ ትተፋለች" ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ቃል ነው። ከዚያ የረዘመ ግጥም አንብቤለት ዝም አልኩ።

ዓርብ፣ ሰዎቹ ሶላት ላይ ሳሉ፣ ቁልፎቻቸው ጭኔ ላይ ሆነው ጎማዋን ፈትቼ ከመሪው ሥር ባለችው ትንሽ ኪስ ውስጥ ወሸቅኋት።

መንገዱ አፍ ላይ ደረስን። ሽማግሌው "ነውሯን ተናገር" አሉኝ። ባልንጀራዬ ቀድሞኝ ቁልፉን ወርውሮልኝ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ የእኔን ይጠብቃል። ፈገግ ብሏል።

"ታውቃታለህ" አልኩት።

ተነሳን። እስከ ሾላው ድረስ ቀደመኝ፤ ከኋላው ሆኜ ነፋሱን በእሱ ከለልኩ። ሳይቆረጥ የቀረው የማሽላ አገዳ በሁለቱም በኩል እንደ አጥር ያልፋል። ሾላው ጋ ሲደርስ ለመታጠፍ ነዳጅ ለቀቀ፤ መልሶ ሲሰጣት ሞተሩ ባዶውን ሲጮህ ሰማሁ። ጭንቅላቱ ዝቅ አለ፤ እጀታውን ሲጠመዝዝ ትከሻው ታየኝ። አስገባት። እንደገና ተፋች። በዚያች አፍታ ጎኑ ደረስኩ። ቢሆንም አልለቀቀኝም፤ መመለሻውን ሙሉ ጎን ለጎን መጣን፤ በባጃጄ ጣሪያ ሥር ጥርሱን ነክሶ ሲነዳ አየዋለሁ። ሽማግሌው ዱላቸውን አነሱ።

"በአንድ ክንድ!" አሉ፤ ወደ እኔም ጠቆሙ።

ሾፌሮቹ ጮኹ። አንዱ "ገጣሚው ዛሬ ቤት መታ!" አለ፤ ሌሎቹ ተሸክመው አዞሩኝ። ከሰዎቹ ትከሻ ላይ ሆኜ የማየው እሱን ነበር። ከባጃጄ አልወረደም። ቆይቶ ወረደና ወደ እኔ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረኝ፤ ሌላ ሰው አልሰማም።

"ሦስተኛዋ ትተፋለች።"

የእሱን ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ አገላበጥኩ።

"ዛሬ ነው የጀመራት?"

"ዛሬ ነው" አልኩት።

መዳፉን ከፈተ። ቁልፌና ቁራጯ ጎማ አብረው ተቀምጠዋል። "ሾላው ጋ ስታጠፍ እግሬ ሥር ወደቀች" አለ። ሁለቱንም እጄ ላይ አደረገልኝ። "እሺ። አብሽር።" ይህንን ብሎ ሄደ። ለማንም አልተናገረም።

ያን ሳምንት አንደኛ ቆምኩ። ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ ሻንጣውን ይዞ ቀጥታ ወደ እኔ ይመጣል። ሁለተኛው ተራ ላይ፣ ከኋላዬ፣ እሱ አለ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ደብተሬን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ከባጃጁ አይወርድም። አላኮረፈም፤ ሰላም ስለው ሰላም ይለኛል። ብቻ ኋላ መቀመጫዬ ላይ መጥቶ አይቀመጥም። ሰኞ ጠበቅሁ። ማክሰኞ መጠበቅ አቃተኝና ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና "የማርሽ ካቦዋ ላልታለች" አለ። ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አጥብቆ ጨረሰ።

ታዲያ በሚቀጥለው ዓርብ ባልንጀራዬ ገጠመኝ። ሊገጥመኝ መብቱ ነበር፤ ሁለተኛ ነዋ። ሾፌሮቹ ክብ ሠርተው ቆሙ። ሽማግሌው "ነውሯን ተናገር" አሉኝ። ባጃጇ ነውር አልነበራትም። ምንም የለባትም ብል እውነት ነበር፤ ማንም ሊከሰኝ አይችልም። ባልንጀራዬ መሬት መሬት ያያል። ዝም ብል ዝም እንደሚል አወቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ዝም ብለን እንደምንኖርም አወቅሁ።

"ዛሬ ነውር የላትም" አልኩ። "ያለፈው ዓርብ ግን ሦስተኛ ማርሽ ትተፋ ነበር።"

"ትተፋ ነበር?" አሉ ሽማግሌው።

"ከረቡዕ ጀምሮ። አውቅ ነበር። አልተናገርኩም።"

ከኋላ አንዱ "ለካ ቤት የመታው ማርሹ ነው" አለ፤ ማንም አልሳቀለትም። ሽማግሌው ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ያለፈው ዓርብ ገበያ ፈርሷል" አሉ። ከዚያ ወደ ባልንጀራዬ ዞሩ። "አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ አውፍ ብየዋለሁ፣ አባባ። የዚያኑ ቀን ነው አውፍ ያልኩት።"

"አውፍ ማለት የአንተ ነው። ተራው ግን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።" ለእኔ አንድ ቃል ብቻ ጨመሩ፦ "ቆይተህም ቢሆን ተናግረሃል። አልሀምዱሊላህ።"

ይቅር እንዳለኝ እኔም አምናለሁ። በዚያ ዓርብ ከሌሎቹ ውድድር በኋላ እጁን ጨበጥኩ፤ ጨበጠኝ። በሚከተለው ዓርብ ቀትር ላይም ሁሉም እንደ ልማዳቸው ቁልፋቸውን ጭኔ ላይ ጣሉ፤ እሱም ጣለ። ይህ አሳፈረኝ፤ አንዱ እንኳ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቢያልፍ ይቀለኝ ነበር። ግን ከአሥር ሰዓት በኋላ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ስልኩን ይነካካል፤ ወይም ከሌላ ሾፌር ጋር በኦሮምኛ ይጫወታል። እኔም ኦሮምኛ አውቃለሁ፤ ጨዋታው ስለ ዝናብና ስለ ጎማ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም። አንድ ጊዜ ደብተሬን ይዤ ወደ እሱ ሄድኩ። "አዲስ ጽፌያለሁ" አልኩት። "ማሻአላህ" አለኝና ቦታ ለቀቀልኝ፤ እስክጨርስ አዳመጠ። "ጥሩ ነው" አለ። ካንተ በፊት ሰው ብሎታል አላለኝም፤ ሰው ብሎት ነበር እኮ፤ እኔው ራሴ አውቅ ነበር።

ወር ያህል ማንንም ሳልገጥም ሁለተኛ ቆምኩ። ከዚያ ገጠምኩት።

መንገዱ አፍ ላይ እኔ ቀድሜ የባጃጄን ነውር ተናገርኩ፤ ሁሉንም፤ የወንበሯን ስፌት ሳይቀር። ቀጥሎ ተራው የእሱ ሆነ። እንደ ድሮው ቁልፉን ይወረውርልኛል ብዬ እጄን አዘጋጅቼ ነበር። አልወረወረም።

"ፍሬኗ ሁለቴ ሲረገጥ ነው የሚይዘው" አለ። "የቀኙ የኋላ ጎማ ከግራው ይልቅ ተበልቷል። ካንዴላዋ ቅዳሜ ተቀይሯል፤ የተቀየረውም ባገለገለ ነው። ስትሞቅ በዝግታ ላይ ትጠፋለች። የግራ መስታወቷ ልል ነው። የጎኗ መጋረጃ በነፋስ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ፊትህን ይመታሃል።"

"ኧረ ለአንድ ዙር ነው የሚነዳት፣ ሊያገባት ነው እንዴ?" አለ አንዱ። ሰዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም። እሱም አልሳቀም።

"ደግሞ ነዳጅ መስጫዋ ስትለቀው ቶሎ አይመለስም። ሾላው ጋ ከመድረስህ በፊት ቀድመህ ልቀቀው። ሌላ የላትም።"

አብዛኛውን አውቀው ነበር፤ በብዙ ዓርብ ነድቻታለሁ። ቢሆንም አንድም ሳያስቀር ነገረኝ፤ ባቲ ገበያ ላይ ከሩቅ አገር ለመጣ፣ ዳግመኛ ለማያገኘው ገዥ እንደሚነገር። ቁልፉን በሁለት እጁ አድርጎ ሰጠኝ። እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

ተነሳን። ሾላው ጋ ከመድረሴ በፊት፣ እንዳለኝ፣ ቀድሜ ለቀቅሁት። መመለሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ መጣን፤ ነፋሱ ከፊታችን ነበር፤ አንዳችንም ከሌላው ጀርባ አልተሸሸግንም። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ እኔ አነሱ። አንድ ክንድ ነበር፤ የዛሬዋ ክንድ የእኔ ናት፤ ማንም ሊያፈርሳት አይችልም።

ከባጃጄ ወርዶ መጣና ጨበጠኝ። "መብሩክ" አለኝ። ከዚያ እንዴት እንደሰነበትኩ ጠየቀኝ፤ ጤናዬን ጠየቀኝ፤ በሩቅ ያሉትን የአባቴንና የእናቴን ደኅንነት ጠየቀኝ፤ ሥራ እንዴት እንደሆነም ጠየቀኝ። ምን እንደጻፍኩ ግን አልጠየቀኝም። ለእያንዳንዱ መልስ እስክሰጠው ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም ለእያንዳንዱ "ደኅና ናቸው"፣ "ደኅና ነው" እያልኩ መለስኩለት።